ዛፉ ጋ ወራጅ አለ

ዛፉ ከተቆረጠ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መንገዱ ሲሰፋ ነው የተቆረጠው፤ ያኔ እኔ መንጃ ፈቃድ ላወጣ እሯሯጥ ነበር፣ በዚህ መስመር ላይ ሚኒባስ የሚነዳው አባዬ ነበር። በማግስቱ ተሳፋሪው ጉቶው አጠገብ ሲደርስ «ዛፉ ጋ ወራጅ አለ» አለ፤ አባዬም አቆመ። በሳምንቱ ጉቶውም ተነቅሎ አስፋልት ተደረገበት። ተሳፋሪው ያንኑ አለ፣ አባዬም እዚያው አቆመ። ዛሬ መሪው የእኔ ነው፤ ዛፍ የሚባል ነገር በሌለበት ቦታ በቀን ሃያ ጊዜ እቆማለሁ።

በእኛ መስመር እንዲህ ያለ ፌርማታ ሞልቷል። «ወፍጮ ቤቱ» ስልክ መጠገኛ ከሆነ ቆይቷል። «ድልድዩ» የሚባለው ቦታ ወንዙ በቱቦ ከተቀበረ ወዲህ ደልዳላ አስፋልት ነው፣ ሰዉ ግን አሁንም «ድልድዩን ስትሻገር» ይላል። የእኛው ቤት ደግሞ «ቢጫው በር» ይባላል። በራችን አረንጓዴ ነው። አባዬ አረንጓዴ የቀባው ታናሽ ወንድሜ አራተኛ ክፍል እያለ ነው፤ ወንድሜ አሁን ሚስት አግብቷል።

ከዚያ ቀን በፊት ብትጠይቁኝ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስቅም የሚያስገርምም ነገር አይታየኝም ነበር። የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፣ የማያውቅ ይጠይቃል፣ አለቀ።

ነገሩን ያመጣችው ሙሽራዋ ናት። ወንድሜ ሚስቱን ከሌላ ከተማ አምጥቶ እኛው ግቢ፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ከገቡ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። በስሟ የሚጠራት ወንድሜ ብቻ ነው፤ ለሌሎቻችን ሙሽራዋ ናት። ዳቦ ቤት ትሠራለች፣ ጠዋት በጊዜ ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ሰው የማትነካ ልጅ ናት። እኔ ግን አልወደድኳትም። እውነቱን ለመናገር ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ እሷ ከመጣች ወዲህ እናቴ ሻይ ስታፈላ መጀመሪያ የምትጠራው እሷን ነው። የአርባ ዓመት ሴት በዚህ ትቀናለች ወይ ካላችሁኝ፣ ትቀናለች።

ሰበብ ግን ሌላ አገኘሁላት። ሙሽራዋ ሚኒባሴ ላይ ስትሳፈር «ዛፉ ጋ» አትልም። «ሰማያዊው ኪዮስክ አጠገብ ወራጅ አለ» ነው የምትለው። ኪዮስኩ እዚያው መታጠፊያው ላይ ያለ፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥበት ትንሽዬ ነገር ነው። ተሳፋሪው ይስቃል። ረዳቴም «ሙሽሪት፣ ዛፉ ጋ በይ እንጂ፣ ሰው ያደናግራል!» ይላታል። ረዳቴ በአባዬ ጊዜ የጀመረ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ ከሦስት ፌርማታ ርቀት ስለሚሰማ ጡሩንባ ነው የሚባለው። አንድ ቀን ታዲያ ሙሽራዋ በመስኮት እያሳየችኝ፣ «ዛፍ እኮ የለም፣ እትዬ» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። «ለማያውቅ ሰው የለም» አልኳት።

ከዚህም የባሰ ሠርቻለሁ። አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ፣ በሁለት እጇ አስቤዛ ይዛ ተሳፈረች። እንደ ልማዷ ስለ ኪዮስኩ ስትናገር ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ጡሩንባ ዞር ብሎ አየኝ፤ ትቼው ወደ ፊት አየሁ።

«ምነው አልተናገርሽም?» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ተናግሬ ነበር» ብላ ዕቃዋን ሰብስባ ወረደች። ከዚያ ወደ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ የሙሽራዋን ጫማ ምድጃው አጠገብ ታደርቃለች፣ «ምን እንዲህ አበሰበሰሽ?» ትላታለች፤ ሙሽራዋ ትንፍሽ አላለችም። ብታሳጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ቆርቆሮውም መናገር አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው የቤት ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ለየቤቱ አደሉ። በር ላይ ስቀሉት አሉ። ሰፈሩ በደስታ ተቀበለ፣ ምክንያቱም ቆርቆሮው ጥሩ ቆርቆሮ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የተሰበረ መስኮቷን ደፈነችበት። ጡረተኛው መምህር እጀታ አበጅተውለት ቆሻሻ ማፈሻ አደረጉት። አባዬ ደግሞ የዶሮ ቤቱ በር ከሥሩ በስብሶ ስለነበር በአራት ሚስማር መታው። ዝናብ ቀለሙን እንዳያበላሸው ብሎ ቁጥሩ ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አዞረው። ስለዚህ የቤታችንን ቁጥር የሚያነቡት ዶሮዎቹ ብቻ ነበሩ። ወንድሜ «በር ላይ ብንሰቅለው አይሻልም?» ሲለው አባዬ፣ «እኔን የሚፈልግ ሰው ቤቴን ያውቀዋል» አለው። እኔም አባዬን ደገፍኩ።

ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። የመስመሩ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሆኜ፣ ሰው ሞልቶልኝ ልነሳ ስል ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት።

«አባትሽ ወደቀብኝ» አለች። «ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዘንበል አለ። አፉ ጠመመ፣ ግራ እጁን አያነሳውም።»

«አምቡላንስ ጠራሽ?»

«ጠራሁ፤ ጠፋ።»

«ማን ጠፋ?»

«አምቡላንሱ ነዋ! ዛፉ ጋ ታጠፍ ብዬዋለሁ፣ ቢጫው በር ብዬዋለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበለው? ያንቺን ስልክ ሰጥቼዋለሁ፣ ሹፌር ለሹፌር ተነጋገሩ። እኔ አጠገቡ ልሁን።»

ዘጋችው። ወዲያው የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«እህቴ፣ የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ» አለ። ከጀርባው ሳይረኑ ይሰማል። «ስመላለስ ሦስተኛዬ ነው። ዛፍ የሚባል ነገር የለም። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ደግሞ ዛፉን ሳትደርስ፣ ዛፉን እንዳለፍክ ነው የሚለኝ።»

«ዛፉ ተቆርጧል» አልኩት።

«ታዲያ በምን ልወቀው?»

በቀን ሃያ ጊዜ የማቆምበትን መታጠፊያ ላስታውሰው ብል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ሥሩ ተቀምጠው ጫማ የሚያስጠርጉት ሰዎች ናቸው። አሁን ምን እንዳለበት አንድም ነገር አልመጣልሽ አለኝ።

«ዛፉ የነበረበት ጋ ነው» አልኩ። ስናገረው ጅልነቱ ለራሴ ተሰማኝ።

ጡሩንባ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። ጡረተኛው መምህር የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበርና ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ስማኝ ልጄ፣ ድልድዩን እንደተሻገርክ ሁለተኛው መታጠፊያ...»

«ድልድይ አላየሁም፣ አባቴ።»

«ድልድዩማ ተደፍኗል፣ ግን...»

«ወፍጮ ቤቱን ይለፍ በሉት!» ብላ ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ጮኸች።

«ወፍጮ ቤቱ የቱ ነው?»

«ስልክ መጠገኛው ነው!»

«በዚህ መንገድ ላይ አምስት ስልክ መጠገኛ አልፌያለሁ» አለ ሹፌሩ፤ ድምፁ መድከም ጀምሯል። ጡሩንባ «በሩ ቢጫ...» ብሎ ጀመረና የገዛ አፉን በእጁ ያዘ።

«የቤት ቁጥሩን ስጡኝ። ቁጥሩ ካለ ካርታው ላይ ይመጣልኛል።»

የተወለድኩበት ቤት ነው። ቁጥሩን አላውቀውም። ጎረቤት ናቸው፣ መምህርም ናቸው ብዬ ወደ መምህሩ ዞርኩ፤ ቀና ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም። ያን ሰዓት ዓይናቸው ላይ የመጣው የቆሻሻ ማፈሻቸው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

«አንዴ ቆዩኝ፣ ከማዕከል እየደወሉልኝ ነው» ብሎ ሹፌሩ ዘጋው።

ሞተሩን አስነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ጫፍ እስከ ቤታችን ቀንቶኝ ከነዳሁ ሠላሳ ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሦስት ሰው እንደሚወርድ አውቃለሁ፣ በየቀኑ የማመላልሳቸው ናቸው። ማንም «ወራጅ አለ» አላለም። ሁለተኛውንም አለፍኩ። አንድ ሰውዬ የመስኮት መስታወት ጭኑ ላይ አቁሞ ይዞ ነበር፤ ቤቱ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ነው፣ እሱም ሳይወርድ፣ ጉድጓድ ባለበት ሁሉ መስታወቱን ብድግ እያደረገ ተጓዘ። ጡሩንባ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የፌርማታ ስም ሳይጠራ በሩ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ፈራሁ። አባቴ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ፣ በፍርሃቴ መሃል ደግሞ ተናደድኩበት። ምን ነበር በር ላይ ቢሰቅለው? አራት ሚስማር እንደሆነ አውጥቶበታል። ከእሱ አልፌ እናቴን፣ ከእናቴ አልፌ ማዘጋጃ ቤቱን ረገምኩ። ድልድዩ ላይ፣ ማለቴ ደልዳላው አስፋልት ላይ ስደርስ ድንገት ትዝ አለኝ።

ሰማያዊው ኪዮስክ!

ስምንት ወር ሙሉ ከጀርባዬ ስትለው የኖረችው። እዚያው መታጠፊያው ላይ ያለ፣ ከሩቅ የሚታይ፣ ማንም እንግዳ የማይስተው። ሹፌሩ «በምን ልወቀው?» ሲለኝ መልሱ በጆሮዬ ሲገባ የከረመ ነገር ነበር፤ ላለመስማት ስታገል ከርሜ በሚያስፈልገኝ ሰዓት ጠፋብኝ። «ደውልለት!» ብዬ ጡሩንባ ላይ ጮህኩበት። ደወለ፤ ተይዟል። ደግሞ ደወለ፤ ተይዟል።

መታጠፊያችን ሊታየኝ ሲል አምቡላንሱ ከውስጥ ወጣ። መብራቱን አብርቶ፣ እየጮኸ፣ በአጠገባችን ሽው ብሎ አለፈ። ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ድምፅ «እሰይ!» አለ፤ መስታወት የያዘው ሰውዬ እንኳ አንድ እጁን አነሳ።

ኪዮስኩ አጠገብ ሙሽራዋ ቆማለች። የዳቦ ቤት ሽርጧን እንደለበሰች፣ ዱቄቱ እንኳ አልተራገፈም። በሁለት እጇ የዶሮ ቤቱን ቆርቆሮ ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ አምቡላንሱ ሄዷል፣ እሷ ማውረዱን ረስታዋለች። ከኋላዋ ዶሮዎቻችን አስፋልቱ ላይ ይንሸራሸራሉ፣ መኪና ሁሉ ቆሞላቸዋል።

አቆምኩና የፊቱን በር ከፈትኩላት። ቆርቆሮዋን እንደያዘች ገባች።

«ይተነፍሳሉ» አለችኝ ሳልጠይቃት። «ዓይናቸውን ገልጠዋል። እማማ አብረዋቸው ሄደዋል።»

አምቡላንሱን ተከትዬ ነዳሁ። እየቆየች ነገረችኝ። ከሥራ ስትገባ እናቴ አባዬን ደረቷ ላይ አስደግፋ ስልኩ ላይ «ዛፉ ጋ!» እያለች ስትጮህ አገኘቻት። አልተከራከረቻትም። ወደ ማዕከሉ ራሷ ደውላ ቁጥሩን ሰጠች፣ ሰማያዊ ኪዮስክ አጠገብ ቆሜ እጠብቀዋለሁ አለቻቸው።

«ቁጥሩን ከየት አወቅሽው?»

«እንቁላል ስለቅም ፊት ለፊቴ ነው። በየቀኑ አየዋለሁ።»

«ቆርቆሮውን ለምን ነቀልሽው ታዲያ?»

«ሰዉ ሁሉ በእጁ እየጠቆመ ሲያሳስተው ነበር» አለች። «እኔም እጄን ባውለበልብ የሚያምነኝ አልመሰለኝም። ቁጥሩን ካየ ግን ያምናል።»

ያን ጊዜ እጇን አየሁት። መዶሻ ለመፈለግ አልጠበቀችም፤ ሚስማሩን በጣቷ ስትታገለው መዳፏ ተቀዷል። መስታወት የምወለውልበትን ንፁሁን ጨርቅ ሰጠኋትና ጠቀለለችበት። ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

«ያን የዝናቡን ቀን» አልኳት፣ «ሰምቼሽ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያሳለፍኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ጡሩንባ እንኳ ጣሪያውን ያያል።

«ይቅር በዪኝ» አልኩ። እንባዬ መንገዱን ሸፍኖብኝ ነበር።

«እሺ፣ እትዬ። አሁን መንገዱን እዪ።»

ሆስፒታል ስንደርስ ከሚኒባሱ የቀረ ሰው የለም፤ ኮሪደሩ በእኛ ሞላ። መስታወት የያዘው ሰውዬ መስታወቱን ግድግዳ ላይ ሲያስደግፍ ነርሷ «እዚህ ማቆም አይቻልም» አለችው፣ እሱም አቅፎት ቁጭ አለ። ወንድሜ ከሥራው እየሮጠ መጣ። ሐኪሟ የወጣችው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ እንደነበር ነገረችን። «በሰዓቱ ደርሰዋል» አለች። «ግማሽ ሰዓት ቢዘገዩ የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነበር።» እናቴ ይህን ስትሰማ የሙሽራዋን የተጠቀለለ እጅ ይዛ መሳም ጀመረች። በዚያ ቀን አልቀናሁም።

አባዬ ቃል የሚመስል ነገር ያወጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ጆሯችንን አስጠጋን። «ዶሮዎቹስ?» አለ። አንዷ እንደጠፋች አልነገርነውም።

ቤት ሲመለስ ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር፣ ንግግሩም ይጎተታል፤ ለማዘዝ ግን አላነሰውም። ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠና ወንድሜን ቆርቆሮውን በር ላይ አስመታው። ወንድሜ «በሩንም መልሰን ቢጫ ብንቀባው እኮ ወሬው ሁሉ እውነት ይሆናል» አለ፤ እናቴ በመጥረጊያ አባረረችው። መምህሩ የቆሻሻ ማፈሻቸውን እጀታ ነቅለው፣ በሳሙና አጥበው ሰቀሉት። ልብስ ሰፊዋ መስኮቷን በካርቶን ደፈነች። በወሩ በሰፈሩ ቁጥር የሌለው በር አልቀረም።

ሚኒባስ ውስጥ ግን ቁጥር የሚጠራ የለም፣ አይመችም። ይልቅ ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጡሩንባ መታጠፊያው ላይ ስንደርስ «ሙሽራዋ ጋ! ሙሽራዋ ጋ!» ማለት ጀመረ። ሰዉ ተቀበለው። ሁለት ወር ሳይሞላ ዛፉን የሚያነሱት እናቴና መምህሩ ብቻ ሆኑ። ሙሽራዋ እንዲህ ሲባል አንገቷን ትደፋለች፤ እሷ ራሷ እንደ ድሮዋ ኪዮስኩ አጠገብ ነው የምትለው፣ እኔም እሰማታለሁ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ሐሙስ አባዬን ከእጁ ሕክምና እየመለስኩት ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው ከፊት ተቀምጧል። ሙሽራዋ ዳቦ ቤቱ ጋ ተሳፈረች። አጠገቧ ወደ ሰፈራችን ተከራይ ሆና ከመጣች ሁለት ሳምንት የሆናት ሴት ተቀምጣለች። ወደ መታጠፊያችን ስንቃረብ ሙሽራዋ ቀና አለች።

«ሰማያዊው ኪዮስክ አጠገብ ወራጅ አለ።»

ተከራይዋ ዞር ብላ አየቻት። «የቱ ኪዮስክ?» አለቻት፣ በደግነት፣ በመስኮቱ እያሳየቻት። «ኪዮስክ እኮ የለም። ሙሽራዋ ጋ ነው የሚባለው። ለሰፈሩ አዲስ ነሽ እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ ኪዮስኩ የለም። ባለቤቱ ነቅሎ ወደ ገበያው ከወሰደው ወር ሆኖታል። ጡሩንባ ሳቁን ለመያዝ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። «ለማያውቅ ሰው የለም» የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። አባዬ ብቻ መቻል አቅቶት በዚያ በተጣመመ አፉ ይስቃል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

በመስታወት ሙሽራዋን አየኋት። መጀመሪያ ወደ ውጭ፣ ባዶው ቦታ ላይ አየች። ቀጥላ አባዬን አየች። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«አይ» አለቻት ተከራይዋን። «አዲስ አይደለሁም።»

ፍሬን ያዝኩ። ኪዮስኩ የነበረበት ጋ አቆምኩ።